እናቴ ሳትማር የምታሰላውን እኔ ተምሬ አቃተኝ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን ዶርም ውስጥ ተቀባብለን ነው የምናነበው። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

የሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ያደግኩት ደሴ ነው። እናቴ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ልጅ ሆኜ አጠገቧ ተቀምጬ ሽንኩርት ዛሬ ለምን ተወደደ፣ ትናንት ለምን ረከሰ እያልኩ ስጨቀጭቃት "እሱን ተማሪና አንቺ ትነግሪኛለሽ" ትለኝ ነበር። ኢኮኖሚክስን አንደኛ ምርጫ አድርጌ የሞላሁት ለዚህ ነው።

አሁን ግን ክፍል ውስጥ ስለ ሽንኩርትም ስለ ሰውም የሚያወራ የለም። ሰሌዳው በሙሉ ዴሪቬቲቭ፣ ማትሪክስና ላግራንዥ ነው። ፍሬሽማን ላይ ሒሳብን በሲ እንደምንም አለፍኩ። ዘንድሮ በኢኮኖሚክስ ሒሳብ ሚድ ከ30 ያመጣሁት 8 ነው። መምህሩ ወረቀቱን ሲመልስ ጮክ ብሎ "ሒሳብ የማይችል ሰው ኢኮኖሚክስ ውስጥ ምን ይሠራል?" አለ። ስሜን አልጠራም፣ ግን ሁሉም ወደ እኔ የዞረ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ክፍል ቀርቻለሁ።

ጓደኞቼ "ሶሲዮሎጂ ግቢና ተገላገይ" ይሉኛል። እኔም ሒሳቡ ለምን እንዳስፈለገ ራሱ አይገባኝም። ሰው ቁጥር ነው እንዴ? የሚያስተምረኝ ደግሞ ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ ታላቅ እህቴ ናት። በደወለች ቁጥር "ትምህርት እንዴት ነው?" ትለኛለች፣ "ደህና ነው" እላታለሁ፣ ስልኩን ዘግቼ አለቅሳለሁ። 10ኛ ክፍል ሆኜ በጦርነቱ ከደሴ ስንሸሽ እንኳን እንዲህ አልጨነቀኝም። ልቀይር ወይስ ልታገል? የደሴ ልጅ ነኝ።»

የደሴ ልጅ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው መምህሩ ላይ ተናደድኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ ሌላ ቦታ ላይ አረፈ፣ እሱን ትንሽ ቆይቼ እነግርሻለሁ።

የመምህሩን ንግግር ዝም ብለሽ እርሺው አልልሽም። ሰው ፊት የተባለ ነገር አይረሳም። እኔም ተማሪ ሆኜ የተባልኩትን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ (ኢኮኖሜትሪክስ ክፍል ውስጥ ነበር፣ ዝርዝሩን ተይው)። ግን ሁለት ነገሮች የተደባለቁብሽ ይመስለኛል፣ ማፈርና አለመቻል። ክፍል የቀረሽው ትምህርቱ ከብዶሽ ነው ወይስ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጡ? መምህሩ ምንም ሳይናገር ወረቀቱን ቢመልስልሽ ኖሮ ዲፓርትመንት ስለመቀየር ታስቢ ነበር? ለእኔ መመለስ የለብሽም። ለራስሽ ግን መልሺ።

አሁን ወዳልኩሽ ነገር ልምጣ። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽ ያለፍሻት ነገር አለች፣ 10ኛ ክፍል ሆነሽ ከደሴ መሸሻችሁን። እስቲ ዓመቶቹን ቁጠሪ። በ2012 ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስንተኛ ክፍል ነበርሽ? ስምንተኛ ይመስለኛል። በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ደሴ ገባ። ሌላው አገር ልጆች ቁጭ ብለው የኤክስፖነንት ሕግ፣ ሎጋሪዝም፣ ፈንክሽን ሲማሩ አንቺ ቤትሽን ጥለሽ መንገድ ላይ ነበርሽ። ያ ትምህርት በኋላ በቅጡ ተመልሶ ተሰጣችሁ? ወይስ «ይህን ታውቁታላችሁ» ተብሎ ታለፈ?

ይህን የምልሽ ካልኩለስ አልገባኝም የሚሉ ልጆችን ጠጋ ብዬ ሳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዛቸው ካልኩለሱ ስላልሆነ ነው። ክፍልፋይ ማቃለል ላይ፣ ኔጌቲቭ ኤክስፖነንት ላይ፣ ኤክስን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ማሻገር ላይ ነው የሚወድቁት። የሚድ ወረቀትሽን አውጪው። ማየቱ እንደሚያም አውቃለሁ፣ ግን አውጪው። ቀይ እስክሪብቶ ያረፈበትን ቦታ አንድ በአንድ ተመልከቺ። የሳትሽው ጥያቄውን መረዳት ላይ ነው ወይስ ከዚያ በኋላ በሚመጣው የአልጀብራ መስመር ላይ? ሁለተኛው ከሆነ ያለብሽ የሁለት ዓመት ውዝፍ ዕዳ ነው፣ ዕዳ ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይከፈላል።

«ሰው ቁጥር ነው እንዴ?» ያልሽውን ወድጄዋለሁ። አይደለም። ግን እናትሽ ጠዋት ጠዋት ምን እንደምትሠራ አብረን እንይ።

እንበልና ሽንኩርት በጅምላ ኪሎውን በ50 ብር ታመጣለች፣ በ70 ትሸጣለች። ሳይሸጥ ያደረው ይበላሽና በ20 ብር ታራግፈዋለች። (በዋጋው አትከራከሪኝ፣ ለስሌት እንዲመች ብዬ ነው፣ ገበያውን አንቺ ታውቂዋለሽ።) አከፋፋዩ ፊት ቆማ አንድ ኪሎ ልጨምር ወይስ ይብቃኝ ብላ ታስባለች። ያቺ ኪሎ ከተሸጠች 20 ብር ታተርፋለች። ካልተሸጠች 30 ብር ትከስራለች። ከ10 ቀን 6ቱን ቀን ብትሸጥላት 120 ብር ታገኛለች፣ በቀሩት 4 ቀናት ደግሞ 120 ብር ይሄዳል። ልክ እኩል። ስለዚህ መጨመሩ የሚያዋጣት ያቺ ኪሎ ከ10 ቀን ከ6 ቀን በላይ ገዢ ካላት ብቻ ነው። እናትሽ ይህን ወረቀት ላይ አትጽፈውም። «የበዓል ዋዜማ ነው፣ ጨምርልኝ» ትላለች፣ ወይም ሰማዩን አይታ «ይብቃኝ» ትላለች።

መምህራን ማርጂናል የሚሉት ያቺን ተጨማሪ ኪሎ ነው። ኪሎዋን ወደ ግራም፣ ግራሟን ደግሞ ወደ ኢምንት እያሳነስሽ ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቂ ዴሪቬቲቭ ይሆናል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የትርፉን ዴሪቬቲቭ ከዜሮ ጋር እኩል ሲያደርገው እናትሽ «ይብቃኝ» አለች ማለት ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ላግራንዡም እዚያው ገበያ ውስጥ አለ። እናትሽ የያዘችው 5,000 ብር ብቻ ነው እንበል፣ ለሽንኩርትና ለቲማቲም መከፋፈል አለባት። የመጨረሻዋ ብር ሽንኩርት ላይ ብትውል 30 ሳንቲም፣ ቲማቲም ላይ ብትውል 50 ሳንቲም የምታተርፍ ከሆነ ከሽንኩርቱ ቀንሳ ቲማቲሙን ትጨምራለች። ቲማቲሙ ሲበዛ ትርፉ ይቀንሳል፣ ሽንኩርቱ ሲያንስ ትርፉ ይጨምራል፣ በመሃል አንድ ቦታ ላይ፣ 40 ሳንቲም ላይ እንበል፣ ይገናኛሉ። በላግራንዡ ስሌት ውስጥ ላምዳ የሚባለው ፊደል ያ 40 ሳንቲም ነው። አንድ ብር ተጨማሪ ብታገኝ ምን ያህል ታተርፍበት እንደነበር ይነግርሻል። አራጣ አበዳሪ መጥቶ «ላበድርሽ» ቢላት በአንድ ብር እስከ 40 ሳንቲም ድረስ ብትከፍለው አትጎዳም፣ ከዚያ በላይ ካለ ግን «ይቅርብኝ» ብላ ብትሸኘው ይሻላታል። እኔ ይህ የገባኝ ከተመረቅኩ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ላምዳን ስፈታ፣ ሳሰምር፣ ፈተና ሳልፍበት ኖሬ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጥፋቱ የኔ ብቻ አይመስለኝም፣ ማንም ስለ አራጣ አልነገረኝም።

«ታዲያ እናቴ ያለ ሒሳብ ካወቀችው እኔ ለምን እቃጠላለሁ?» ትይ ይሆናል። እናትሽ የራሷን መደብ ታውቃለች። ጥያቄው ከአንድ መደብ ወጥቶ ክፍለ አገር ሲያክል ግን የዓይን ግምት ይከዳል። ለዚህ ደግሞ ከአንቺው ከተማ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በ1965 እና በ66 ወሎ ላይ ስለደረሰው ረሃብ ከአያቶችሽ ሰምተሽ ይሆናል። ሰው ሲጠየቅ «እህል ጠፍቶ ነው» ይላል። አማርትያ ሴን የሚባል ሕንዳዊ ኢኮኖሚስት በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የምርቱንና የዋጋውን ቁጥር አገላብጦ አየው። ወሎ ላይ ምርቱ ወድቋል፣ ይህ እውነት ነው። በአገር ደረጃ ግን እህሉ ያን ያህል አልቀነሰም። ከዚያ የደሴን ገበያ አየ፣ የአንቺን ደሴ። ሰው እያለቀ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም። ጭራሽ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል እንደነበረም ተነግሯል። እንዴት እንዲህ ይሆናል? ገበሬው ማሳው ሲከዳው የሚበላውንም፣ ሸጦ ሌላ የሚገዛበትንም በአንድ ላይ አጣ። አርብቶ አደሩ ከብቱ አለቀበት፣ የተረፈችውን ይዞ ገበያ ሲወጣ ደግሞ ዋጋዋ ከእህሉ አንጻር ወርዶ ጠበቀው። የተራበ ሰው ብር ከሌለው ገበያው አያየውም። ዋጋውም ዝም ያለው ለዚህ ነው።

ይህን ትንተና የሚሞግቱ ምሁራን አሉ። መንገድ ያልገባበት የወሎ ገጠር ከደሴ ገበያ ጋር ምን ያህል ይገናኝ ነበር ብለው ይጠይቃሉ፣ ጥሩ ጥያቄም ነው። ለማንኛውም ጥያቄውም መልሱም ያለ ቁጥር አይቻልም ነበር። ቁጥሩን የሚመረምር ባይኖር «እህል ጠፍቶ ነው» የሚለው ብቻ ይቀር ነበር፣ መፍትሔውም እህል መጫን ብቻ ይመስል ነበር። ሴን በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው፣ ሒሳቡም የዋዛ አይደለም። ያንን መጽሐፍ ስትከፍቺው ግን ፊት ለፊት የምታገኚው ሰው ነው፣ ቀመሮቹ ከኋላ በአባሪ ተቀምጠዋል።

ሰውን ከፊት፣ ቀመሩን ከኋላ ማድረግን እሱ አልጀመረውም። ያንን የፍላጎትና አቅርቦት መስቀለኛ ሥዕል ያስለመደን እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት አልፍሬድ ማርሻል በ1865 እ.ኤ.አ. ከካምብሪጅ ሲመረቅ በሒሳብ ከዓመቱ ተማሪዎች ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው በ1906 ለአንድ ባልደረባው በጻፈው ደብዳቤ የሚሠራበትን መንገድ ሲዘረዝር፣ ሒሳቡን እንደ አጭር ጽሕፈት ተጠቀምበት፣ እስክትጨርስ ያዘው፣ ከዚያ ወደ ተራ ቋንቋ መልሰው፣ በኑሮ ውስጥ ባለ ምሳሌ አሳየው፣ ከዚያ ሒሳቡን አቃጥለው ይላል። ምሳሌ ካጣህለትም ወደ ተራ ቋንቋ የመለስከውንም አቃጥል ብሎ ይጨምራል። (አንቺ ከፋይናል በፊት ምንም እንዳታቃጥዪ።)

ስለዚህ ጥርጣሬሽ የአላዋቂ ጥርጣሬ አይደለም። ማትሪክስን ተጠቅሞ የኢንዱስትሪዎችን ትስስር ያሳየው፣ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ኢኮኖሚስት ዋሲሊ ሊዮንቲፍ እንኳን በ1982 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ደብዳቤው በሙያው ጽሑፎች አማርሯል። ገጽ በገጽ ቀመር ነው፣ መነሻው ከኑሮ ያልተቀዳ ግምት፣ መድረሻው የማይጠቅም ድምዳሜ ነው ዓይነት ወቀሳ ነበር። ልዩነቱ ምን መሰለሽ፣ እሱ ያማረረው አውቆት ነው። አንቺም አንድ ቀን ተነስተሽ «ይህ ሞዴል እናቴን አያውቃትም» እንድትይ እፈልጋለሁ። ያን ቀን ግን ሞዴሉ የቱ ጋ እንደሳተ ጣትሽን አድርገሽ ማሳየት መቻል አለብሽ።

እና ልቀይር ወይስ ልታገል? እኔ ልወስንልሽ አልችልም፣ የሚታየኝን ግን ልንገርሽ። ሶሲዮሎጂ ትልቅ ትምህርት ነው። የምትሄጂው ስለሳበሽ ከሆነ ነገ ሂጂ። ደብዳቤሽ ውስጥ ግን ሶሲዮሎጂን አንድ ጊዜ ነው የጠራሽው፣ እሱንም በጓደኞችሽ አፍ። ሽንኩርቱን ግን ደጋግመሽ ነው ያነሳሽው። እዚያም ስታቲስቲክስ እንደሚጠብቅሽ እወቂ፣ ከቁጥር ፈጽሞ አታመልጪም።

ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል አሜሪካዊት ነበረች። ሁለተኛ ደረጃ እያለች ሴት ልጅ ናት ተብላ ትሪጎኖሜትሪ እንዳትወስድ ተመከረች፣ በኋላ በዚያ ሰበብ የኢኮኖሚክስ ዶክትሬት ለመማር ስታመለክት አልተቀበሏትም። ፖለቲካል ሳይንስ ገባች። ሰዎች የጋራ ውኃን፣ ግጦሽንና ደንን ያለ ተቆጪ እንዴት እንደሚያስተዳድሩ ስታጠና ኖራ በ2009 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ይህን የምነግርሽ መቀየር ሽንፈት እንዳልሆነ እንድታይ ነው። ግን የታሪኩን ሌላ ጫፍም ያዢ፣ በኋላ ላይ ጥያቄዋ ሲያስገድዳት ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ጌም ቲዎሪ ውስጥ፣ ሰዎች አንዱ የሌላውን እርምጃ እያሰበ እንዴት እንደሚወስን በሒሳብ በሚያጠናው ዘርፍ ውስጥ፣ ገብታለች።

የወደፊቱም ይለያያል። ማስተርስና ዶክትሬት ካሰብሽ ሒሳቡ እየባሰ ነው የሚሄደው፣ አላታልልሽም። ተመርቀሽ ባንክ፣ ፕላን ቢሮ ወይም የእርዳታ ድርጅት መሥራት ከሆነ ሐሳብሽ ደግሞ ፕሩፍ (የሒሳብ ማረጋገጫ) የሚጠይቅሽ ብዙ አይኖርም። ስታቲስቲክስ፣ ኤክሴል፣ መጠይቅ በትክክል መሙላትና ሠንጠረዥ ማንበብ ነው የሚፈለገው። የቱን ነው የምታስቢው? ካላሰብሽበት አሁንም ጊዜ አለሽ።

እስከ ፋይናል ድረስ ምንም አትወስኚ ነው የምልሽ። በተዋረዱ ማግስት የሚወሰን ነገር ጥሩ አይሆንም። ለጥንቃቄ ግን ኮርስ የመጣያና ዲፓርትመንት የመቀየሪያ የመጨረሻ ቀኑን ከሬጅስትራር ጠይቀሽ እወቂ፣ በሩ የሚዘጋበትን ሰዓት ማወቅ ራሱ ያረጋጋል። ከነገ ጀምሮ ክፍል ግቢ፣ ከፈለግሽ ከኋላ ተቀመጪ። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ፈልጊና በቀን 40 ደቂቃ ኤክስፖነንቱን፣ ሎጋሪዝሙን፣ እኩልታውን ሥሪ። ማንም እንዳያይሽ ካፈርሽ በጠዋት ላይብረሪ ሂጂ፣ ማንም የለም። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሴቶች ወይም የጀንደር ጉዳይ ቢሮ ለሴት ተማሪዎች ቱቶሪያል ያዘጋጃል፣ እናንተ ጋ ካለ ጠይቂ። መምህሩ ጋም ቢሮው ሂጂ፣ ስለ ንግግሩ ሳይሆን «ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እዚህች መስመር ላይ ጠፋብኝ» ብለሽ ወረቀቱን ይዘሽ። ሰው ፊት ኃይለኛ የሆነ መምህር ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው ሆኖ ስንቴ አይቻለሁ። እንደዚያ ካልሆነ ሌላ ሴክሽን የሚያስተምር መምህር ወይም አድቫይዘርሽ አለ።

አንድ ደብተርም ያዢ። በግራ ገጽ የወርክሺቱን ጥያቄ ፍቺ፣ በቀኝ ገጽ የወጣው መልስ ምን ማለት እንደሆነ ለእናትሽ እንደምታስረጂ አድርገሽ በአማርኛ ጻፊ። የማርሻል ዘዴ ነው፣ ያለ ክብሪት። በእቁብ ጀምሪ። አስር ሰው በየወሩ 1,000 ብር ይጥላል፣ ሁሉም የሚፈልገው የ10,000 ብር የስፌት መኪና ነው። ለየብቻ ቢቆጥቡ ሁሉም 10 ወር ይጠብቃል። በእቁብ ግን አንዱ በመጀመሪያው ወር፣ አንዱ በሁለተኛው እያለ፣ በአማካይ 5 ወር ተኩል ይሆናል፣ የመጨረሻው ሰውም ከ10 ወር አያልፍም። ታዲያ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይዞ ለምን አይጠፋም? ዋስ ለምን ይጠራል? በ1993 እ.ኤ.አ. ሦስት ኢኮኖሚስቶች አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው በተባለ የሙያ መጽሔት ላይ ይህን ዓይነት ማኅበር በሒሳብ ሠርተው አሳይተውታል። እናትሽ እቁብ ካላት ለሁለቱ ጥያቄዎች የምትሰጥሽን መልስ ቀኝ ገጽ ላይ ጻፊ።

እህትሽን በተመለከተ። «ደህና ነው» ማለትሽ እሷን ላለማስጨነቅ ነው፣ ይገባኛል። ግን ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ችግር አይታ የማታውቅ አይደለችም። በኢሞ አጭር ድምፅ ላኪላት፣ «አንድ ትምህርት ከብዶኛል፣ ውጤቴ ዝቅ ብሏል፣ እየሠራሁበት ነው፣ እንድታውቂው ብዬ ነው» በያት፣ በቃ። ማልቀስ ካለ አብራችሁ አልቅሱ።

እናትሽ ጋ ስትደውዪ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቂልኝ። ሽንኩርቱን በስንት ታመጣዋለች፣ በስንት ትሸጠዋለች፣ ያደረውን በስንት ትጥለዋለች። እኔ በግምት ከ10 ቀን 6 ብያለሁ። የእሷን እውነተኛ ቁጥር አስገብተሽ ስንት እንደመጣልሽ፣ እሷ በልምድ ከምታደርገው ጋር ይገጥም እንደሆነም ጻፊልኝ።